የአድራሻ ማሳመሪያው ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ ሰርቨር ላይ ግን 404 (ገጹ አልተገኘም) ይላል። እርዱኝ!

መጽሐፍ_ወዳድ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ቤተሰብ። አጎቴ አሮጌ መጻሕፍት ይሸጣል። ሱቁ ድሮ ፒያሳ ነበር። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ አራት ኪሎ ተዛወረ። ደንበኞቹ እንዳይጠፉበት ብዬ ትንሽ ዌብሳይት ሠራሁለት። ዎርድፕሬስ አይደለም፣ በፒኤችፒ ራሴ የጻፍኩት ነው። እያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱ ገጽ አለው። ፎቶው፣ ዋጋው፣ ሽፋኑ ምን ያህል እንደተጎዳ ሁሉ ይታያል።

የቸገረኝ አድራሻው ነው። አንድ መጽሐፍ ሲከፈት ከሳይቱ ስም ቀጥሎ የሚመጣው «ዝርዝር.ፒኤችፒ?አይዲ=312&ዘርፍ=7&ገጽ=2» የሚል ነገር ነው። በላቲን ፊደል ነው የተጻፈው፣ ለእናንተ እንዲነበብ በእኛ ፊደል አስቀመጥኩት። ባለፈው አንድ አዛውንት ደንበኛ ደውለው አንድ መጽሐፍ የት እንደሚያዩት ጠየቁ። አጎቴ አድራሻውን በስልክ ሊያነብላቸው ሞከረ። ጥያቄ ምልክቱ ጋ ሲደርስ ሁለቱም ግራ ገባቸው። በመጨረሻ ሰውየው «ተወው፣ በእግሬ እመጣለሁ» አሉ። ቤታቸው ሩቅ ነው። በጣም አዘንኩ።

የምፈልገው «/መጽሐፍ/312» የሚል አጭር ነገር ነው። ሰርቨሩ ላይ አንዱን አድራሻ ወደ ሌላ ስለሚቀይረው መሣሪያ፣ ሞድ ሪራይት ስለሚባለው፣ አንብቤ ሳይቱ ፎልደር ውስጥ በሚቀመጠው የመቼት ፋይል፣ ነጥብ ኤችቲአክሰስ ውስጥ ሕግ ጻፍኩ። ላፕቶፔ ላይ በዛምፕ ስሞክረው አንደኛ ነው። ሰርቨር ላይ ስጭነው 404። ሰርቨሩ ኡቡንቱ ነው፣ ገጾቹን ለብራውዘር የሚያቀርበው ፕሮግራም ደግሞ አፓቺ 2.4። የተከራየሁበትን ድርጅት ጠየቅኩ። ሦስት ቀን ቆይተው ችግሩ የኔ ኮድ እንደሆነ ነገሩኝ።

አንድ ልመና አለኝ። ኮድ ገልብጣችሁ አትለጥፉልኝ። እስካሁን ያደናገረኝ ከየቦታው የገለበጥኩት ኮድ ነው። ምኑ ለምን እንደሚሠራ በአማርኛ ካስረዳችሁኝ ራሴ እጽፈዋለሁ። እህታችሁን እርዱኝ።


አራዳ_ኮደር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ሰላም እህቴ። ኮድሽ ደህና ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ አፓቺ ፋይሉን እያነበበው እንደሆነ እንለይ።

ነጥብ ኤችቲአክሰሱን ክፈችና የመጀመሪያው መስመር ላይ ትርጉም የሌለው ነገር ጻፊ። ስምሽንም ቢሆን ጻፊ። ከዚያ ሳይቱን በብራውዘር ክፈቺው። 500 ስህተት ካመጣ አፓቺ ፋይሉን አንብቦ ያልገባው ቃል አግኝቷል ማለት ነው። ሳይቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ከተከፈተ ግን ጭራሽ አላየውም። ያኔ ሕጉን አሥር ጊዜ ብታስተካክይው ለውጥ የለም።


መጽሐፍ_ወዳድ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:11

ሞከርኩት። ሳይቱ ሰላም ነው፣ ምንም አላለም።


አራዳ_ኮደር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:24

በቃ ተገኘ። አፓቺ ውስጥ አላውኦቨርራይድ የሚባል መቼት አለ። ነጥብ ኤችቲአክሰስ ፋይል የዋናውን ሰርቨር መቼት መለወጥ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ከ2.3.9 ስሪት ጀምሮ ካልነካሽው በስተቀር «ነን» ነው፣ ማለትም አይፈቅድም። ዛምፕ ደግሞ ለልምምድ እንዲመች ሁሉንም ፈቅዶ ነው የሚመጣው። ላፕቶፕሽ ላይ ሠርቶ ሰርቨሩ ላይ እምቢ ያለሽ በዚህ ነው።

የአፓቺን የመቼት ፋይል ክፈቺና ሳይትሽ ያለበትን ፎልደር የሚመለከተውን ክፍል ፈልጊ። እዚያ ያለውን «ነን» ወደ «ኦል» ቀይሪው። ሁለተኛ፣ ኡቡንቱ ላይ የሪራይት ሞጁሉ ራሱ ላይበራ ይችላል። ኤቱኤንሞድ በሚለው ትእዛዝ ይበራል፣ ከኋላው ሪራይት የሚለውን ስም ትጽፊያለሽ። ከዚያ አፓቺን አስነሺው። ያቺን ያለ ትርጉም የጻፍሻትን መስመር ማጥፋት እንዳትረሺ።


ሰርቨር_ጠባቂ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:50

አራዳ ያለው ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። የሰርቨሩ ባለቤት አንቺ ከሆንሽ ነጥብ ኤችቲአክሰስ ባትጠቀሚ ይሻላል። ያ ፋይል የተሠራው ዋናውን መቼት መንካት ለማይችል ሰው ነው፣ አንድ ሰርቨር ከብዙ ሰው ጋር ለተጋራ። አንዴ ከፈቀድሽው አፓቺ አንድ ሰው ገጽ በከፈተ ቁጥር፣ ለእያንዳንዷ ምስል ጭምር፣ በየፎልደሩ እየገባ ፋይሉ አለ ወይ ብሎ ያያል። ሕጉ ዋናው መቼት ውስጥ ከተጻፈ ግን አፓቺ ሲነሳ አንዴ ይነበባል፣ አለቀ።

ስታዛውሪው ግን አንድ ወጥመድ አለ። ነጥብ ኤችቲአክሰስ ውስጥ ሕጉ የሚያየው አድራሻ መነሻው ላይ ስላሽ የለውም፣ አፓቺ ይቆርጠዋል። ዋናው መቼት ውስጥ ደግሞ ስላሹ አለ። አንዱ ጋ የሠራ ሕግ ሌላው ጋ ዝም የሚለው ብዙ ጊዜ በዚች ስላሽ ነው። ብዙ ሰው ላይ አይቻለሁ።


መጽሐፍ_ወዳድ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:32

ሠራ! እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሁለት ሳምንት ነው የታገልኩት። ለጊዜው በነጥብ ኤችቲአክሰስ ነው ያስኬድኩት፣ ወደ ዋናው መቼት በኋላ አዛውረዋለሁ።

ግን አሁን ገጹ ተራቆተ። ጽሑፉ ብቻ ነው የሚመጣው። ቀለሙም፣ የመጽሐፉ ፎቶም፣ አርማውም የለም። በድሮው አድራሻ ስከፍተው ሁሉም አለ።


እናት_ቦርድ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:15

አይዞሽ፣ ይሄ ሁሉም ሰው ላይ የሚደርስ ነው። ብራውዘሩ ሪራይት እንዳደረግሽ አያውቅም። የሚያምነው አድራሻ መስመሩ ላይ ያየውን ነው። «/መጽሐፍ/312» ሲያይ «መጽሐፍ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ያለ ይመስለዋል። የስታይል ፋይልሽን «ስታይል» ከሚለው ፎልደር ብለሽ ከጠራሽው «መጽሐፍ» ውስጥ ገብቶ «ስታይል» የሚባል ፎልደር ይፈልጋል። የለም። 404።

መፍትሔው ቀላል ነው። የስታይል፣ የምስልና የጃቫስክሪፕት መንገዶች ሁሉ መነሻቸው ላይ ስላሽ ይኑራቸው። ያኔ ብራውዘሩ የትም ይሁን ከሳይቱ ሥር ይጀምራል።

ሌላም ልጠይቅሽ። ሕግሽ ከመሥራቱ በፊት «የተጠየቀው ነገር እውነተኛ ፋይል ወይም ፎልደር ካልሆነ ብቻ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አስገብተሻል? ሕግሽ ሁሉንም አድራሻ የሚይዝ ከሆነ ያለሱ ፎቶዎቹንም ወደ ፒኤችፒው ይልካቸዋል።


መጽሐፍ_ወዳድ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:02

ስላሹን ጨመርኩ፣ ገጹ ለበሰ። ቅድመ ሁኔታውም አልነበረኝም፣ አሁን አስገባሁ። እናት_ቦርድ፣ ስምሽን ያክብርልኝ።

ዛሬ ማታ ለአጎቴ አሳይቼው የድሮውን ፋይል አጠፋዋለሁ።


የጥንት_ዌብማስተር
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:30

ልጄ፣ ጎበዝ። ግን ያንን ፋይል ከማጥፋትሽ በፊት አንድ ነገር ንገሪኝ። የድሮው አድራሻ የት የት ተጽፏል?


መጽሐፍ_ወዳድ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:48

ጋሼ፣ ጥሩ ጠየቁኝ። የአጎቴ ቴሌግራም ቻናል ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ሊንክ ስንለጥፍ ነበር። ጉግልም ያውቀዋል። ከዚያ ደግሞ... የኪውአር ኮድ ስቲከር አሳትመን የመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ውስጥ እንለጥፋለን። የተሸጡትንም ጨምሮ ወደ 600 መጽሐፍ ላይ አለ። ሁሉም በድሮው አድራሻ ነው።


የጥንት_ዌብማስተር
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:20

ፈርቼው የነበረው ይሄንኑ ነው። ስለዚህ በረጅሙ ልጻፍልሽ።

ሞድ ሪራይት አሮጌ መሣሪያ ነው። ራልፍ ኤንገልሻል የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1996 ጽፎት በ1997 ለአፓቺ ቡድን ሰጠ። እኔም ከዚያ ጥቂት ዓመት በኋላ ጀምሮ ስጠቀምበት ኖሬያለሁ። የሰዎች ስህተት ብዙ ጊዜ ሕጉን በመጻፍ ላይ አይደለም። አዲሱን አድራሻ ያሳምሩና የድሮውን ይገድሉታል።

ፒያሳ ሲፈርስ ሱቆች ምን እንዳደረጉ ታስታውሻለሽ። በር ላይ ወረቀት ለጥፈው «ወደ እገሌ ሕንፃ ተዛውረናል» ብለው ስልክ ጻፉ። ያን ያደረገ ደንበኛውን አልተበተነም። ዝም ብሎ የሄደውን ግን ዛሬም የሚፈልገው ሰው አለ። በኢንተርኔት ይሄ ወረቀት 301 ይባላል። ሰርቨሩ ለብራውዘሩም ለጉግልም «ለዘለቄታው ተዛውሬያለሁ፣ አዲሱ ቦታዬ ይኸውና» ይላል። ጉግልም የድሮውን ትቶ አዲሱን ይመዘግባል። 302 ደግሞ ለጊዜው ነው፣ እመለሳለሁ ማለት ነው።

ሁለቱን አትቀላቅይ። የሠራሽው ሪራይት በጓዳ ነው የሚካሄደው። ብራውዘሩ አያውቀውም፣ የአድራሻው መስመርም አይለወጥም። 301 ግን ለብራውዘሩ ተነግሮት እሱ ራሱ ሁለተኛ ጉዞ ያደርጋል። ለአዲሱ አድራሻ የጓዳው ያስፈልግሻል፣ ለድሮው የበሩ ወረቀት።

አሁን ከባዱ። የሪራይት ሕግ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለውን አያይም። «አይዲ=312» የሚለውን ሕጉ ላይ ብትጽፊ ለዘላለም አይገጥምም። እሱን የሚያየው ቅድመ ሁኔታው ነው፣ ኩዌሪ ስትሪንግ በሚለው ስም። ቁጥሩን እዚያ ትይዢውና ሕጉ ላይ ትጠቀሚበታለሽ። ሌላው፣ ዝም ካልሽው አፓቺ የድሮውን ጥያቄ ከአዲሱ አድራሻ ጋር ይቀጥለዋል። እንዲጥለው ኪውኤስዲ የሚባለውን ፍላግ (ከሕጉ መጨረሻ የሚጻፍ ምልክት) ጨምሪ።

ስትሞክሪ ደግሞ በ302 ሞክሪ። ብራውዘር 301ን በልቡ ይይዘዋል። ተሳስተሽ ብታርሚው እንኳ የቀድሞውን ይዞ ይቆያል። ሁሉም ሲያምርልሽ ወደ 301 ቀይሪው።


መጽሐፍ_ወዳድ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:15

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ስለ በሩ ወረቀት ያሉትን ለአጎቴ አነበብኩለት። «የኔም ሱቅ በር ላይ ለጥፌ ነበር» አለ።

እንዳሉኝ አደረግኩ። አሁን ክሮም «ብዙ ጊዜ ተመላልሶብኛል» የሚል ስህተት ይሰጠኛል። ድሮውም አዲሱም አይከፈትም።


ሰርቨር_ጠባቂ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:41

ሁለቱ ሕጎችሽ እየተቀባበሉ ነው። አንዱ የድሮውን ወደ አዲሱ ይልካል። ሌላው አዲሱን በጓዳ ወደ ድሮው ፋይል ይመልሰዋል። ነጥብ ኤችቲአክሰስ ውስጥ ደግሞ አድራሻው በተለወጠ ቁጥር ሕጎቹ ከላይ ጀምረው እንደገና ይነበባሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ «አሃ፣ የድሮው መጣ» ብሎ እንደገና ይልከዋል። ኤል የሚለው ፍላግ የሚያስቆመው ያንን ዙር ብቻ ነው። 2.4 ላይ ኤንድ የሚል ፍላግ አለ፣ እሱ ነው ጨርሶ የሚያቆመው። የጓዳው ሕግ ላይ አድርጊው።

ኤረር ሎግ (አፓቺ የሆነውን የሚመዘግብበት ፋይል) ውስጥ እያንዳንዱን እርምጃ ማየት ከፈለግሽ በዋናው መቼት ሎግ ሌቭሉን ሪራይት ትሬስ 3 አድርጊው። የትኛው ሕግ ከምን ጋር እንደገጠመ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ስትጨርሺ አጥፊው፣ ሎጉ ቶሎ ያብጣል።


መጽሐፍ_ወዳድ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20

ሎጉን ሳየው በደንብ ገባኝ። ኤንድ አድርጌው ቆመ። በኢንኮግኒቶ (ብራውዘሩ የቀድሞውን በማያስታውስበት መስኮት) ነው ያረጋገጥኩት። ዛሬ በደንብ ልተኛ ነው።

አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። ከቁጥሩ ቀጥሎ የመጽሐፉ ርዕስ ቢገባ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ሊንኩን ሲያይ ምን እንደሆነ ያውቃል። በአማርኛ ልጻፈው ወይስ በላቲን?


አራዳ_ኮደር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:33

በላቲን። አያከራክርም። የአማርኛ ሊንክ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ምን እንደሚሆን አይተሽዋል አይደል? የፐርሰንት ክምር። ሰው ቫይረስ ይመስለዋል።


ፊደል_ገበታ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:10

እኔ ደግሞ አያከራክርም በሚለው አልስማማም። ለዓመታት የአማርኛ ሳይት ላይ ስሠራ የቆየሁ ሰው ነኝ፣ ጉዳዩ ውስጤ ያለ ስለሆነ ብዙ ብጽፍ ይቅርታ።

መጀመሪያ የፐርሰንቱ ክምር ከየት እንደሚመጣ እንወቅ። አድራሻ በመሠረቱ የሚሸከመው የላቲን ፊደል፣ አኃዝና ጥቂት ምልክት ብቻ ነው። የእኛ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት ዘዴ) ሦስት ባይት ነው። እያንዳንዱ ባይት ወደ አንድ የፐርሰንት ምልክትና ሁለት ሆሄ ይቀየራል። ስለዚህ አንድ ፊደል 9 ይሆናል። «ታሪክ» ሦስት ፊደል ነው፣ ሲገለበጥ 27። «የልጆች-መጻሕፍት» 82 ይደርሳል። ብራውዘሩ መስመሩ ላይ በአማርኛ ያሳይሻል፣ ኮፒ ስታደርጊው ግን ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ያ ረጅሙ ነው። አራዳ እዚህ ላይ እውነቱን ነው።

ላቲኑስ? «ጠባይ» እና «ተባይ» በላቲን ስትጽፊያቸው አንድ ናቸው። ስለ ሰው ጠባይ የሚያወራ መጽሐፍና ስለ እህል ተባይ የሚያወራ መጽሐፍ አንድ ዓይነት ስም ያገኛሉ። «ቀ»ን በኬ ነው በኪው የምትጽፊው? «ጸ»ንስ? አጎትሽ አንድ ዓይነት ይጽፋል፣ አንቺ ሌላ፣ ደንበኛው ሦስተኛ። የሚያነበውም ሰው አማርኛ አንባቢ ነው። መጽሐፉ በአማርኛ ሆኖ ስሙን በሰው ፊደል ማንበብ ለምን ይገደዳል? ይሄ ለኔ የመልክ ጉዳይ አይደለም። አድራሻውም የጽሑፉ አካል ነው።

በእኛ ፊደልም ግን ሥራ አለ። «መጽሐፍ» የሚለውን ሰዎች አራት ዓይነት ይጽፉታል፤ መጽሐፍ፣ መጽሀፍ፣ መፅሐፍ፣ መፅሀፍ። ለኮምፒውተር አራቱም የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ከርዕስ አድራሻ የሚሠራው ኮድሽ መጀመሪያ ፊደሎቹን አንድ ያድርጋቸው። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ዐ ወደ አ፣ ከነዘሮቻቸው። ሃ፣ ሓ፣ ኃ እና ኣ፣ ዓም አይረሱ። ክፍት ቦታ፣ ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ ሁሉ ወደ ጭረት ይቀየሩ። ገጹ ላይ ያለውን ርዕስ ግን አትንኪው። ደራሲው በሠ ከጻፈው በሠ ይታይ። አንድ የምታደርጊው አድራሻውን ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ያንኑ ኮድ ለፍለጋ ሳጥንሽም ተጠቀሚበት፣ ደንበኞችሽ ያመሰግኑሻል።

የሪራይት ሕግሽ ላይ ደግሞ የአማርኛ ፊደሎችን አትዘርዝሪ፣ አትቁጠሪም። አፓቺ የሚቆጥረው ባይት ነው፣ አንዱን ፊደል ሦስት ያየዋል። «ከቁጥሩ ቀጥሎ ስላሽ ያልሆነ ማንኛውም ነገር» ብትዪው በቂ ነው።


ብሎገር_ከካዛንቺስ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:55

ዎርድፕሬስ የምትጠቀሙ ይሄን እወቁ። ርዕሱን በአማርኛ ስትጽፉ አድራሻውን ራሱ ይሠራዋል፣ ግን በፐርሰንት መልክ ነው የሚያስቀምጠው፤ ቦታውም 200 ብቻ ነው። 200ን ለ9 ስታካፍሉት 22 ፊደል ገደማ ነው። ረጅም የአማርኛ ርዕሶቼ ለምን መሃል ላይ እንደሚቆረጡ ብዙ ጊዜ አልገባኝም ነበር። አሁን አድራሻውን በእጄ አሳጥሬ እጽፈዋለሁ።


አራዳ_ኮደር
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:05

«ጠባይ» እና «ተባይ» አሳመኑኝ። በላቲን፣ አያከራክርም ያልኩትን አንስቻለሁ። ኪውአሩስ ግን? አድራሻው በረዘመ ቁጥር ነጥቦቹ እየደቀቁ ይሄዳሉ። ትንሽ ስቲከር ላይ፣ ጨለም ያለ ሱቅ ውስጥ፣ ርካሽ ስልክ አያነበውም።


የጥንት_ዌብማስተር
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:40

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ስለዚህ አድራሻው ሁለት ክፍል ይኑረው። ቁጥሩ ብቻውን መጽሐፉን ያገኛል። ርዕሱ የሚመጣው ከቁጥሩ በኋላ ነው፣ እሱም ለሰው ዓይን ነው። ሰርቨሩ የሚፈልገው ቁጥሩን ብቻ ይሁን። ስቲከር ላይ፣ ደረሰኝ ላይ፣ በስልክ ሲነገር እስከ ቁጥሩ ያለው ይበቃል። ነገ የርዕስ ስህተት ብታርሚ እንኳ የሚሰበር ሊንክ የለም።

መነሻው ላይ ያለውን «መጽሐፍ» የሚለውን ቃልም ተይው። ብቻውን 36 ይሆናል፣ ፊደል_ገበታ እንዳለው ደግሞ አራት ዓይነት ይጻፋል። አንድ የላቲን ፊደል አድርጊ፣ «ቢ»ን ለምሳሌ። ቁጥር ብቻ አድርጊው እንዳልልሽ፣ ወደፊት ለደራሲዎችም ገጽ ትከፍቺ ይሆናል።


ሰርቨር_ጠባቂ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:10

በጋሼ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ታዲያ ርዕስ ከገባ ትናንት የጻፍነውን የ301 ሕግ ከአፓቺ ላይ አንሺው። አፓቺ ቁጥር 312 ምን የሚባል መጽሐፍ እንደሆነ አያውቅም፣ የሚያውቀው ዳታቤዙ ነው። በአፓቺ ከላክሽው ደንበኛው መጀመሪያ ወደ ቁጥሩ፣ ከዚያ ወደ ሙሉው አድራሻ ሁለት ጊዜ ይጓዛል። በምትኩ የገጹን ሥራ ወደ አዲስ ፋይል አዛውሪ። የድሮው ዝርዝር ፒኤችፒ ባለበት ይቆይ፣ ግን ሥራው አንድ ብቻ ይሁን። ቁጥሩን ይቀበላል፣ ርዕሱን ከዳታቤዝ ያወጣል፣ በ301 በቀጥታ ወደ ሙሉው አድራሻ ይልካል። በአንድ ጉዞ አለቀ። ሁለቱ ሕጎች የሚቀባበሉበት ነገርም ይጠፋል።

ቁጥሩን ስትቀበዪ ቁጥር መሆኑን ፒኤችፒው ውስጥ አረጋግጪ። አድራሻው አማረ ማለት የሚገባው ነገር ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ዳታቤዙን ስትጠይቂም ቁጥሩን ለብቻው አሳልፊ፣ ከጥያቄው ጽሑፍ ጋር አትቀጥይው።


የጥንት_ዌብማስተር
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:22

ትክክል። ይሄ ከኔው ይሻላል፣ እንደሱ አድርጊው ልጄ።


ፊደል_ገበታ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 10:15

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልስጥ፣ ሁለቱም እኔ ላይ ደርሰዋል።

ሰርቨሩ የሚፈልገው ቁጥሩን ብቻ ከሆነ ከቁጥሩ በኋላ ማንም ሰው የፈለገውን ጽፎ ሊንኩን ሊያሰራጭ ይችላል። አንድ ክፉ ሰው ስድብ ጽፎበት ገጹ ይከፈታል፣ የሱቁ ስም ከፊቱ አለ። ስለዚህ የተጻፈው ርዕስ ከትክክለኛው ጋር ካልገጠመ ወደ ትክክለኛው በ301 ላኪው። ርዕስ ከሌለውም እንደዚሁ።

ስታወዳድሪ ግን ተጠንቀቂ። ፒኤችፒ ሪኩዌስት ዩአርአይ ውስጥ የሚሰጥሽ አድራሻ በፐርሰንት መልክ ያለውን ነው። ያንን በፊደል ከተጻፈው ርዕስ ጋር ብታወዳድሪው መቼም አይገጥምም። ስለዚህ ይልከዋል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ ደግሞ ይልከዋል። በላቲን ሞክረሽው ይሠራል፣ በአማርኛ ብቻ ነው የሚሽከረከረው። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ሰርቨሩን ስከስ ነበር። መጀመሪያ ወደ ፊደል መልሺው፣ ከዚያ አወዳድሪ። ስትልኪው ደግሞ እንደገና ወደ ፐርሰንት ቀይረሽ ላኪ። ሁለት ጊዜ እንዳትቀይሪው ብቻ፣ አድራሻው ውስጥ ከፐርሰንት ቀጥሎ 25 ደጋግሞ ካየሽ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል ማለት ነው።


ሽሮሜዳ_21
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

ይሄ ሁሉ ኤንጂንኤክስ ላይ እንዴት ነው? የኛ ሰርቨር አፓቺ አይደለም።


ሰርቨር_ጠባቂ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:44

ኤንጂንኤክስ ነጥብ ኤችቲአክሰስ የሚባል ነገር አያውቅም። ፋይሉን ብታስቀምጠው ዝም ብሎ ያልፈዋል። ሕጉ ሁሉ ዋናው መቼት ውስጥ ነው የሚጻፈው። ትራይ ፋይልስ የሚለውን ተጠቀም። ፋይሉ ካለ ይሰጣል፣ ፎልደሩ ካለ ይሰጣል፣ ሁለቱም ከሌሉ ወደ ኢንዴክስ ፒኤችፒ ይልካል። በአንድ መስመር ያልቃል። መቼቱን ከመጫንህ በፊት የፍተሻውን ትእዛዝ አስኪድ፣ ስህተት ካለ መስመሩን ይነግርሃል።


መጽሐፍ_ወዳድ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8:25

ቤተሰብ፣ ጨረስኩ። አሁን አድራሻው ቢ፣ ስላሽ፣ 312፣ ስላሽ፣ ከዚያ ርዕሱ በእኛ ፊደል ነው። ሕጉንም ወደ ዋናው መቼት አዛወርኩት። ያቺ ስላሽ እውነትም ያዘችኝ፣ ግን ስለተነገረኝ በአምስት ደቂቃ አገኘኋት። ፊደሎቹን አንድ ማድረጉን ሳስኬደው ዳታቤዙ ውስጥ አንድ መጽሐፍ በሁለት አጻጻፍ ሁለት ጊዜ የተመዘገበባቸው 14 ቦታዎች ወጡ። አጎቴ የጠፉ የመሰሉት መጻሕፍት እነሱ ነበሩ።

ሦስት ቀን በ302 ካቆየሁት በኋላ ዛሬ ጠዋት ወደ 301 ቀየርኩት። ከዚያ አንድ ከሁለት ዓመት በፊት ከኛ መጽሐፍ የገዙ ጎረቤታችን ጋ ሄጄ የኋላ ሽፋኑን ስቲከር በስልኬ አነሳሁት። ቀጥታ ትክክለኛው ገጽ ላይ ወረደ፣ ርዕሱ በአማርኛ፣ ፎቶው ከነቀለሙ። «ተሽጧል» የሚለውም አለበት።

አጎቴ ደግሞ ለእኚያ አዛውንት ራሱ ደወለላቸው። ያኔ የፈለጉት መጽሐፍ አልተሸጠም ነበር። የሳይቱን ስም ካለ በኋላ «ቢ፣ ስላሽ፣ 312» አላቸው። ስልኩን ሳይዘጉ ከፈቱት።